«ሳይንስ አረጋገጠ» የሚለውን ቪዲዮ ትተን ሻማውን እንይ

በቤተ ክርስቲያን የቴሌግራም ግሩፖቻችን ውስጥ የማይጠፋ አንድ ዓይነት ቪዲዮ አለ። ከበስተጀርባው ልብ የሚያርድ ሙዚቃ ይሰማል፤ ከላይ በቀይ ፊደል «ሳይንቲስቶች ደነገጡ!» ይላል፤ ከሥር ደግሞ «ሼር ሳታደርጉ እንዳታልፉ» የሚል ማሳሰቢያ አለው። ናሳ በኢያሱ ዘመን ፀሐይ የቆመችበትን ቀን በኮምፒውተር አገኘው ይለናል። በበረሃ ውስጥ የኔፊሊም አጽም ተቆፍሮ ወጣ ይለናል። «አሜን» ብሎ የሚመልስ ይበዛል፤ «ይህ ነገር ከየት መጣ?» ብሎ የሚጠይቅ ግን እምብዛም አይገኝም።

በዚያው ስልክ ውስጥ ሌሎች ቪዲዮዎችም አሉ። ጫጩት የእንቁላሉን ቅርፊት እንዴት ሰብራ እንደምትወጣ፣ ጉንዳን መንገዷን እንዴት እንደምታገኝ፣ ሰማይ ለምን ሰማያዊ እንደሆነ፣ በሻማ ነበልባል ውስጥ ምን እንዳለ ያሳያሉ። «ተረጋገጠ» አይሉም፤ ማንንም አያስደነግጡም። ስለዚህ በግሩፑ ላይ የሚለጥፋቸው የለም።

እኔ የማምነው ይህንን ነው፤ ክርስቲያን ቤተሰብ የመጀመሪያዎቹን ትቶ ሁለተኛዎቹን ከልጅ እስከ አያት አብሮ ተቀምጦ ቢያይ ለእምነቱም ለልጆቹም ይበጀዋል። የመጀመሪያዎቹ ለእምነት የቆሙ ይመስላሉ እንጂ ይጎዱታል። ሁለተኛዎቹ ስለ እምነት አንድም ቃል ላይናገሩ ይችላሉ፤ ነገር ግን ዓይናችንን ወደ ጌታ ሥራ ይመልሱታል። ይህን ስል ቅር የሚሰኝ ወንድም ወይም እህት እንደሚኖር አውቃለሁ፤ ስለዚህ ምሳሌዎቹን አንድ በአንድ እንይ።

የናሳው ታሪክ በአሜሪካ ከ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ በጋዜጣና በስብከት ሲዞር የኖረ ነው። የናሳ ኮምፒውተር የፀሐይንና የፕላኔቶችን ጉዞ ወደ ኋላ ሲያሰላ አንድ ቀን ጎደለው፤ አንድ ክርስቲያን ኢያሱ ምዕራፍ 10ን ከፍቶ አሳየ፤ ሒሳቡም ገጠመ ይላል። ናሳ እንዲህ ያለ ነገር እንዳልተደረገ ተናግሯል። እንዲያውም ናሳን መጠየቅ ባላስፈለገ ነበር፤ ትንሽ ማሰብ ይበቃል። አንድ ሰው ከአዳማ ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ መንገድ ላይ ወርዶ ሻይ ጠጣ እንበል። እናንተ ቃሊቲ ላይ ቆማችሁ የመኪናውን ፍጥነት ብትለኩ፣ ሰውዬው መንገድ ላይ መቆሙን ልታውቁ ትችላላችሁ? ከአዳማ የተነሣበትን ሰዓት የሚነግራችሁ ሰው ከሌለ አትችሉም። ኮምፒውተርም የሚያሰላው ፀሐይና ፕላኔቶች ዛሬ ካሉበት ቦታ ተነሥቶ ነው፤ የጎደለ ቀን ቢኖር እንኳ በዚህ መንገድ ሊያገኘው አይችልም። የኢያሱ መጽሐፍ ደግሞ የናሳን ማኅተም ሲጠብቅ አልኖረም።

የግዙፉ አጽም ፎቶ ታሪክ ያስቃል። እ.ኤ.አ. በ2002 በአንድ የኢንተርኔት የፎቶ ማቀናበር ውድድር ላይ የቀረበ ሥራ ነው። ውድድሩ ራሱ እንግዳ የሆነ የቁፋሮ ግኝት የሚመስል ፎቶ አቀናብሩ የሚል ነበር፤ ሠሪውም ማንንም ሊያታልል አልተነሣም። ናሽናል ጂኦግራፊክ እ.ኤ.አ. በ2007 ነገሩን ገልጦ ጽፏል። ፎቶው ግን እስከ ዛሬ በየግሩፑ ይዞራል። አሁን ደግሞ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ መጥቷልና አጽሙን የሚንቀሳቀስ፣ ቆፋሪዎቹንም የሚናገሩ አድርጎ መሥራት የደቂቃዎች ጉዳይ ሆኗል።

ሦስተኛው ትንሽ ይከብዳል፤ ምክንያቱም ከእውነት የተነሣ ነው። ላሚኒን የሚባል ፕሮቲን በሰውነታችን ውስጥ በእርግጥ አለ። ሕዋሳት ከሥራቸው ካለው ስስ ሽፋን ጋር ተጣብቀው እንዲቆሙ ይረዳል። በመማሪያ መጻሕፍት ሲሣልም የመስቀል ቅርጽ አለው። ከዚህ ተነሥቶ «እግዚአብሔር መስቀሉን በሥጋችን ውስጥ አትሞታል» የሚል መልእክት ዓለምን ዞሯል፤ ብዙዎችም ሰምተውት አልቅሰዋል። ነገር ግን በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ ላሚኒን እንደ ክር የሚተጣጠፍ ነው፤ አንዳንዱ መስቀል ይመስላል፣ አንዳንዱ ደግሞ ምንም አይመስልም። በሰውነታችን ውስጥ ሌሎች እጅግ ብዙ ፕሮቲኖች አሉ፤ የተጠማዘዘ፣ የድቡልቡል፣ የቀለበት ቅርጽ ያላቸው። አንዱን መርጠን የጌታ ፊርማ ካልነው ሌሎቹን የማን ልንላቸው ነው? ሐዋርያው በቆላስይስ 1፥17 ሁሉ በክርስቶስ ተያይዞ እንደቆመ ሲጽፍ፣ ሁሉ ማለቱ በእርግጥ ሁሉን ማለቱ ነው፤ መስቀል የማይመስለውንም ፕሮቲን ጨምሮ።

«ታዲያ ምን ይጎዳል? ሰው እስከተጽናና ድረስ» የሚሉ አሉ። ይጎዳል። በወጣቶች ኅብረት ውስጥ ያደገ፣ እነዚህን ቪዲዮዎች ከአገልጋዮቹ የተቀበለ አንድ ልጅ ዩኒቨርሲቲ ይገባል። አንድ ቀን የዶርም ጓደኛው የናሳውን ታሪክ ፈልጎ ከነምንጩ ያሳየዋል። ልጁ የሚጠይቀው «ናሳ ዋሸ ወይ?» ብሎ አይደለም። የሚጠይቀው «ይህን የነገሩኝ ሰዎች ስለ ትንሣኤም የነገሩኝ እነርሱ ናቸው፤ ያኛውንስ አጣርተው ይሆን?» ብሎ ነው። እንዲህ ያሉ ወጣቶች አጋጥመውኛል። ጥያቄያቸው ትዕቢት አይደለም፤ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ዘጠነኛው ትእዛዝ በሐሰት መመስከርን ሲከለክል «ለመልካም ዓላማ ካልሆነ በቀር» የሚል ተቀጥላ አላደረገበትም። በቤርያ የነበሩት አማኞች ደግሞ (የሐዋርያት ሥራ 17፥11) የጳውሎስን ስብከት እንኳ ሰምተው ዝም አላሉም፤ እንዲያ ነውን ብለው መጻሕፍትን መረመሩ፤ ስለዚህም ተመሰገኑ። እኛ ጳውሎስ የተመረመረበትን ሚዛን ለቴሌግራም ቪዲዮ እንነፍጋለን።

አሁን ወደ ሻማው ልምጣ። በእኛ ቤት ሻማ የሚበራው መብራት ሲጠፋ ነው፤ ስለዚህ ሻማ ስናይ የምናስበው መብራት ኃይልን እንጂ ሌላ አይደለም። በለንደን ከተማ ግን አንድ ሰው ስለ ሻማ ብቻ ስድስት ተከታታይ ትምህርት ሰጥቷል፤ ተማሪዎቹም ልጆችና ወጣቶች ነበሩ። ሰውዬው ማይክል ፋራዳይ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1791 የተወለደ የአንጥረኛ ልጅ ነው፤ ከፍተኛ ትምህርት ቤት አልገባም፤ በመጽሐፍ ጠራዥ ቤት እየሠራ የሚጠርዛቸውን መጻሕፍት በማንበብ ራሱን አስተማረ። እ.ኤ.አ. በ1831 ማግኔት በሽቦ ጥቅል አጠገብ ሲንቀሳቀስ በሽቦው ውስጥ ኤሌክትሪክ እንደሚፈጠር አገኘ። ከቆቃ እስከ ሕዳሴ ግድባችን ያሉት የኤሌክትሪክ ማመንጫዎች የሚሠሩት በዚሁ መርሕ ነው። እንግዲህ አምፖላችን ሲበራም ሲጠፋም ስሙን ለማንሣት ምክንያት አለን።

ፋራዳይ አማኝ ነበር፤ ስም ብቻ ያለው አማኝም አልነበረም። ሳንዴማናውያን የሚባሉ ጥቂት ምእመናን ያሏት ቤተ ክርስቲያን አባልና ለዓመታትም ሽማግሌ ሆኖ አገልግሏል። የሥራ ቦታው የሮያል ኢንስቲትዩሽን እ.ኤ.አ. ከ1825 ጀምሮ በገና ሰሞን ለወጣቶች የሳይንስ ትምህርት ያቀርብ ነበር፤ ፋራዳይ ብቻውን 19 ዓመት አስተምሮበታል። ስለ ሻማ ያስተማረው እ.ኤ.አ. በ1848 እና እንደገና በ1860 ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1861 በመጽሐፍ ታትሟል። ይህ የገና ትምህርት አልቆመም። እ.ኤ.አ. ከ1966 ጀምሮ በየዓመቱ በቴሌቪዥን ይተላለፋል፤ ብዙዎቹም ዛሬ በኢንተርኔት ላይ በነፃ ይገኛሉ። ለልጆች ተብሎ የተዘጋጀ ነው፤ ግን ወላጅ አብሮ ሲያይ የማይሰለቸው፣ አያትም «እስቲ ድገሙት» የምትለው ዓይነት ነው።

ፋራዳይ ያሳየውን በሚቀጥለው መብራት ሲጠፋ ከልጆቻችሁ ጋር ሞክሩት (እሳቱን ትልቅ ሰው ይያዘው)። ሻማውን ለኩሱና «የሚነደው ምንድን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። ሁሉም «ክሩ» ይላል። ክሩ ከሆነ ግን ሻማው ለምን ሰዓታት ይቆያል? ተራ ክር ብትለኩሱ በሰከንዶች ውስጥ አመድ ይሆናል። ቀጥላችሁ ሻማውን በቀስታ እፍ ብላችሁ አጥፉት። ከክሩ ነጭ ጭስ ሲወጣ ታያላችሁ። የተለኮሰ ክብሪት ወደ ክሩ ሳይሆን ከክሩ በላይ ወዳለው ጭስ አቅርቡ። ነበልባሉ በጭሱ ላይ ወርዶ ሻማውን እንደገና ያበራዋል። ልጆች ይህን ሲያዩ የሚጮኹት ጩኸት ከየትኛውም «ተአምር» ቪዲዮ ይበልጣል። ያ ነጭ ጭስ የሰሙ እንፋሎት ነው። የሚነደው እርሱ ነው። ሙቀቱ ሰሙን ያቀልጠዋል፤ የቀለጠው ሰም በክሩ ወደ ላይ ይሳባል፤ ላይ ሲደርስ ይተንናል፤ እንፋሎቱ ይነዳል፤ የዚያ ሙቀት ደግሞ ሌላ ሰም ያቀልጣል።

እዚህ ላይ አታቁሙ። ቀዝቃዛ ማንኪያ በቢጫው ነበልባል ውስጥ ለአፍታ አስገቡ፤ ጥላሸት ይዞ ይወጣል። የምናየው ቢጫ ብርሃን ከዚያው ጥላሸት፣ ግሎ ከሚያበራው ደቃቅ ከሰል የሚመጣ ነው። ቀጥሎ ደረቅና ቀዝቃዛ ብርጭቆ ገልብጣችሁ ከነበልባሉ በላይ ያዙ፤ ውስጡ ጉም ይለብሳል። ውሃ ነው። ከእሳት ውሃ ወጣ! ስንተነፍስ በብርድ ማለዳ መስታወት ላይ የሚታየውም ይኸው ነው፤ ምክንያቱም ምግብ በሰውነታችን ውስጥ ከአየር ጋር ተዋሕዶ የሚሰጠው ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው፤ ሻማውም የሚሰጠው እነዚሁኑ ነው። ፋራዳይ በመጨረሻው ትምህርቱ ልጆቹን ያደረሳቸው ወደዚህ ነበር። ከዚህ በኋላ በጠፈር ውስጥ የተለኮሰ ሻማ የሚያሳይ ቪዲዮ ፈልጋችሁ ክፈቱ። እዚያ ነበልባሉ ወደ ላይ አይሾልም፤ ክብና ደብዛዛ ሰማያዊ ኳስ ይሆናል። የጋለ አየር ወደ ላይ የሚወጣው ክብደት ባለበት ቦታ ነውና፤ በዚያ «ላይ» የሚባል ነገር የለም። ይህን ቪዲዮ ሻማውን በእጁ ሳይሞክር ያየ ልጅ «እሺ» ብሎ ያልፈዋል፤ ሞክሮ ያየው ግን አፉን ከፍቶ ይቀራል።

ልብ በሉ፣ ሽማግሌው ፋራዳይ ሻማውን የእግዚአብሔር መኖር ማረጋገጫ አድርጎ አላቀረበም። ሻማውን እንደ ሻማ አስተማረ፤ በመጨረሻ ለልጆቹ የተመኘላቸው እንደ ሻማው በዙሪያቸው ላሉት ብርሃን እንዲሆኑ ነው። በሰንበት ቆሞ የሚሰብከው ሰው በሳምንቱ መካከል ሽቦና ማግኔት ይዞ ሲታይ ሁለቱንም በእውነተኛነት ይይዝ ነበር። እኛ ግን አንዱን በሌላው ካላስደገፍን የሚወድቅብን ይመስለናል።

በነገራችን ላይ፣ የሳይንስ ፊልም ለእኛ ለወንጌላውያን እንግዳ ነገር አይደለም። ዩቲዩብ ከመምጣቱ 60 ዓመት በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1945፣ የሙዲ መጽሐፍ ቅዱስ ኢንስቲትዩት በሎስ አንጀለስ የሳይንስ ተቋም መሠረተ። መሪው ኧርዊን ሙን የሚባል ፓስተር ነበር። አበባ ለቀናት የሚፈካበትን ጊዜ ወደ ሰከንዶች አጥፎ የሚያሳይ፣ ለዓይን የማይታየውን ነገር አጉልቶ የሚያቀርብ ፊልም ሠሩ፤ ፊልሞቹ በትምህርት ቤቶችና በአብያተ ክርስቲያናት ታዩ። ሙን በመድረክ ላይ ሚሊዮን ቮልት ኤሌክትሪክ በሰውነቱ ላይ እያሳለፈ ሕዝቡን ያስደምም ነበር። ለእኔ ግን ከሚሊዮኑ ቮልት አበባው ይበልጣል። ቮልቱ «ጉድ!» ያሰኛል፤ አበባው ግን በማግስቱ በግቢያችን ካለችው ጽጌረዳ አጠገብ ያስቆመናል። ጌታችን አበቦችን ተመልከቱ ያለን (ማቴዎስ 6፥28) ካሜራ ባልነበረበት ዘመን ነው፤ ካሜራ ካለን ደግሞ ሰበባችን ያንሳል።

በዘመናችንም በዚህ መስመር የሚሠሩ አሉ። ደስቲን ሳንድሊን የተባለ አሜሪካዊ ኢንጂነር «ስማርተር ኤቭሪ ዴይ» በሚለው ቻናሉ ድመት ስትወድቅ በእግሯ የምታርፈው እንዴት እንደሆነ፣ መስታወት ሲሰበር ስንጥቁ በምን ፍጥነት እንደሚሮጥ ያሳያል። በቪዲዮው መካከል አይሰብክም። መጨረሻ ላይ ብቻ መዝሙር 111፥2 የሚል ጥቅስ ምልክት በስክሪኑ ጥግ ይታያል፤ የጌታ ሥራ ታላቅ እንደሆነና ደስ የሚሰኙበት ሁሉ እንደሚፈልጉት የሚናገረው ክፍል። ይኸው ጥቅስ በ19ኛው ክፍለ ዘመን በካምብሪጅ በተሠራው የካቨንዲሽ ቤተ ሙከራ በር ላይ በላቲን ተቀርጿል፤ የቤተ ሙከራው የመጀመሪያ ኃላፊ ጄምስ ክለርክ ማክስዌል የጸና አማኝ ነበር። ቤተ ሙከራው በ1970ዎቹ ወደ አዲስ ሕንፃ ሲዛወርም ጥቅሱ በእንግሊዝኛ እንደገና በበሩ ላይ ተጻፈ።

ከሳንድሊን ሥራዎች ለቤተሰብ የምመርጠው የብስክሌቱን ነው። መሪው ወደ ግራ ሲዞር ጎማው ወደ ቀኝ የሚሄድ ብስክሌት ተሠራለት። ቀላል ይመስላል፤ እርሱ ግን ለመልመድ 8 ወር ፈጀበት። ትንሹ ልጁ በሁለት ሳምንት ቻለው። የሕፃን አእምሮ ከአዋቂ አእምሮ ይልቅ እንዴት እንደሚታጠፍ በዓይን ይታያል። እዚህ ላይ ቪዲዮውን አቁማችሁ ልጆቻችሁን ብትጠይቋቸው ስለ ራሳችሁ የማትጠብቁትን ትሰማላችሁ። አባትና ልጅ እኩል ተማሪ የሚሆኑበት ቦታ በቤታችን ውስጥ ብዙ አይደለም።

«እኛ ግን እንግሊዝኛም ሳይንስም አናውቅም» የምትሉ እናቶችና አባቶች፣ ይህ ሰበብ አይሠራም። እንጀራ የምትጋግር እናት የምታውቀው ብዙ ነው። እርሾው የተዘጋ ጠርሙስ ውስጥ ቢቀመጥ ለምን እንደሚገፋ ታውቃለች፤ አብሲት ካልተጣለ እንጀራው ዓይን እንደማያወጣ ታውቃለች። ከዚያ በኋላ ቪዲዮው የሚጨምርላት «ለምን» የሚለውን ነው። በእርሾው ውስጥ ያሉት ዓይን የማያያቸው ሕያዋን የሊጡን ስኳር እየበሉ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣሉ። አብሲቱ ሲፈላ ውስጡ ያለው ስታርች ያብጥና ሊጡን ያወፍረዋል፤ የወፈረው ሊጥ አረፋውን ይዞ ያቆየዋል። ምጣዱ ሲግል አረፋው ፈንድቶ ሲወጣ የተወው ቀዳዳ የእንጀራው ዓይን ነው። በጠርሙስ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ፣ ስኳርና የዳቦ እርሾ ጨምራችሁ አፉ ላይ ፊኛ ብትገጥሙ ፊኛው ቀስ እያለ ሲነፋ ታያላችሁ። ጌታ የእግዚአብሔርን መንግሥት አንዲት ሴት በዱቄት ውስጥ በሸሸገችው እርሾ ሲመስል (ማቴዎስ 13፥33) ይህን የወጥ ቤት ሥራ ያየ ሰው ነበር የተናገረው።

ባቄላውንም አንርሳ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ስለዚህ ውሃ በ100 ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ከላያችን ያለው አየር ስለሚሳሳ የሚጫነው ግፊት ያንሳል፤ ውሃውም ቶሎ ይፈላል። ቶሎ መፍላት ግን ቶሎ ማብሰል አይደለም። ከባሕር ወለል ብዙም ከፍ በማይሉ ከተሞች፣ በዱባይ ወይም በዋሽንግተን ዲሲ፣ የምትኖር እህት ሽምብራዋ ከእናቷ ሽምብራ ቀድሞ የሚበስልላት ስለዚህ ነው። ሌላም አለ፤ ውሃ አንዴ ከፈላ በኋላ እሳት ብትጨምሩበት ሙቀቱ አይጨምርም፤ የሚጨምረው የሚባክነው እንፋሎትና የሚያልቀው ከሰል ነው። እሳቱን ቀንሶ ድስቱን ከድኖ መተው ይበቃል። የከሰል ዋጋ በናረበት በዚህ ጊዜ ይህን የምትነግር አንዲት የ5 ደቂቃ ቪዲዮ ከብዙ ምክር ትሻላለች።

አንድ ፍርሃት ይቀራል፤ እርሱም ቀላል አይደለም። ቪዲዮውን እያያችሁ ሳለ ተራኪው «ከቢሊዮን ዓመታት በፊት» ይላል። አንዳንድ ወላጅ ወዲያው ያጠፋዋል። እኔ አጥፉ አልልም፤ አቁሙና ተነጋገሩ እላለሁ። ልጆቻችን ይህን ከትምህርት ቤት ይሰሙታል፤ እ.ኤ.አ. በ1974 በሐዳር የተገኘችውን ድንቅነሽን ሊያዩ ወደ ብሔራዊ ሙዚየም ሲሄዱ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ተብሎ ይነበብላቸዋል። የዘፍጥረትን ቀናት በተመለከተ መጽሐፍ ቅዱስን የእግዚአብሔር ቃል ብለው በሚያከብሩ ወንድሞች መካከል የተለያየ መረዳት አለ፤ ክርክሩም የዛሬ አይደለም። ልጁ ይህን ክርክር ከአባቱ አፍ ቢሰማ ይሻለዋል ወይስ ብቻውን በስልኩ? ቪዲዮውን የምታጠፉበት እጅ ጥያቄውን ከልጁ ልብ አያጠፋውም፤ ጥያቄውን ይዞ ወደ እናንተ የሚመጣበትን በር ነው የሚዘጋው። የማታውቁትን «አላውቅም፤ አብረን እንፈልግ» ማለት ይቻላል። ሰለሞን ስለ ዛፎችና ስለ አራዊት፣ ስለ ወፎችና ስለ ዓሦች መናገሩ የጥበቡ አካል ሆኖ ተጽፎለታል (1ኛ ነገሥት 4፥33)፤ ይህ ሁሉ ከፈሪሃ እግዚአብሔር አላወጣውም፤ ያሳሳተው ሌላ ነገር ነበር።

ስለ አሠራሩ ጥቂት ልበል። ዳታ ውድ ነው፤ ዋይፋይ ያለው ሰው አንድ ጊዜ አውርዶ በፍላሽ ወይም በቴሌግራም ለሌሎች ቢያካፍል ይበቃል። ቋንቋው ለሚከብዳቸው ከ8ኛ ክፍል በላይ ያለ ልጅ ይተርጉም፤ ተርጓሚው ከሁሉ የበለጠ ይማራል። በአንድ ምሽት አንድ ቪዲዮ ይበቃል፤ ዩቲዩብ ራሱ የሚያስከትለውን አምስተኛውንና ስድስተኛውን ማየት መመራመር ሳይሆን መፍዘዝ ነው። ልጁ ብቻውን በጆሮ ማዳመጫ የሚያየው ቪዲዮ ደግሞ እዚህ ከምለው ጋር አይገናኝም። በቤት ኅብረት፣ በልጆች አገልግሎት፣ ከእሑድ ምሳ በኋላ፣ አንድ ስክሪን ዙሪያ ብዙ ሰው ሆናችሁ እዩ። በሚቀጥለው ጊዜ «ሳይንስ አረጋገጠ» የሚል ነገር በግሩፑ ሲመጣም እንዲህ ባለ ቤት ያደገ ልጅ መጀመሪያ የሚለው «ማን አየው? እንዴት ለካው?» ነው። ያንን ጥያቄ እንደ አለማመን አትቁጠሩበት።

ከየት እንጀምር ለምትሉ፣ ከጨረቃ ጀምሩ። እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2 ቀን 1971 የአፖሎ 15 አዛዥ ዴቪድ ስኮት በጨረቃ ላይ ቆሞ በአንድ እጁ መዶሻ፣ በሌላው የጭልፊት ላባ ይዞ ሁለቱንም በአንድ ጊዜ ለቀቃቸው። አብሮት በጨረቃ ላይ የነበረው ጄምስ ኧርዊን ከዚያ ጉዞ ተመልሶ ቀሪ ዕድሜውን ወንጌልን በመመስከር አሳልፏል። ቪዲዮው አንድ ደቂቃ ገደማ ነው፤ ምስሉ ጥራት ይጎድለዋል፤ ሙዚቃም የለውም። ከመክፈታችሁ በፊት አንድ ቁልፍና አንድ የዶሮ ላባ አምጡና በሳሎናችሁ ውስጥ ጣሏቸው። ከዚያ ልጆቹንም አያቶቹንም አንድ በአንድ ጠይቁ፤ አየር በሌለበት በጨረቃ ላይ የቱ ይቀድማል? ማንም መልሱን እንዳይቀይር በወረቀት ላይ ከነስሙ ጻፉት፤ ከዚያ ክፈቱት።